ሳይቃጠል በቅጠል፤ የኃይል ማመንጫ ዘበኛ ስለሆነው ብሬከር

ስለ ኤሌክትሪክ ወሬ ሲነሣ ሁልጊዜ የምንሰማው የግድቡን ከፍታ፣ የውሃውን ብዛትና የሚመነጨውን የኃይል ልክ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የደከሙበት ሁሉ ሊመሰገኑበት ይገባል። ነገር ግን ኮረንቲን ማመንጨት አንድ ሙያ ሲሆን በጊዜው ማቋረጥ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ሁለተኛው ሙያ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ብዙ ባልሰነበተ ነበር። እኛም ዛሬ የምንጨዋወተው ስለዚሁ ስለተረሳው ሙያ ነው።

እኔ በካፋ ዞን በቢታ ገነት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በዚህ አገር ዝናብ ብዙ ነው። ዝናብ ባለበት መብረቅ አለ፤ ዛፍም በሽቦ ላይ ይወድቃል፤ መብራትም ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ የጤና ባለሙያው ስለ ክትባቱ ማቀዝቀዣ ይጨነቃል፤ ተማሪውም ደብተሩን ወደ ምድጃው ብርሃን ያስጠጋል። ያን ጊዜ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «አጠፉብን!» ይላል ሰው።

እርግጥ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ኃይል አንሶ ወይም ጥገና ኖሮ ሰው ያጠፋዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያጠፋው ሰው ሳይሆን አንድ ዕቃ ነው። ያጠፋውም ሊጎዳን አስቦ አይደለም፤ ከዚያ ከሚብሰው ጉዳት ሊያድነን ነው። ይህ ዕቃ ሰርኪዩት ብሬከር ይባላል፤ እኛ ባጭሩ ብሬከር እንለዋለን። ትንሹ በቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። ትልቁና ብርቱው ደግሞ በኃይል ማመንጫ ጣቢያ ውስጥ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ይቆማል።

በቤት ያለው ትንሹ ዘበኛ

ከትንሹ እንጀምር። በቤትዎ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ሳጥን ይመልከቱ። በውስጡ ብሬከር አለ፤ ቤቱ የቀድሞ ከሆነም ፊውዝ ይኖርበታል። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ፊውዝ ራሱን የሚሠዋ ዘበኛ ነው። ኮረንቲው ከልኩ ሲያልፍ በውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ትቀልጥና መንገዱን ትቆርጣለች፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መተካት አለባት። ብሬከር ግን መንገዱን ቆርጦ አደጋው እስኪያልፍ የሚጠብቅ፣ አደጋውም ሲያልፍ ወደ ሥራው የሚመለስ ዘበኛ ነው።

አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል። ይህን በ220 ቮልት ስናካፍለው 16 አምፔር ያህል ኮረንቲ ይሆናል። ምጣዱ ይህን ኮረንቲ ወስዶ ሙቀት ያደርገዋል፤ እንጀራም ይጋገራል። ነገር ግን የሽቦው ልባስ ተልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ያለ አንዳች ሥራ ቢገናኙ፣ ባለሙያዎች ሾርት የሚሉት ነገር ይፈጠራል። ያን ጊዜ የሚሮጠው ኮረንቲ 16 አምፔር አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ቶሎ ካልተቆረጠ ሽቦው ግሎ ልባሱን፣ ልባሱም ተቃጥሎ ጣሪያውን ያነዳል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ቢለያዩትም የማይለያይ

አንባቢዬ ምናልባት «ኮረንቲን መቁረጥ ምን ያስቸግራል? ሁለቱን ብረቶች ማለያየት ነው እንጂ» ይሉ ይሆናል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የብረት በርና መስኮት የሚሠሩትን በያጆች አይተዋል። በያጁ ዘንጉን ከብረቱ ጋር ያነካካዋል፤ ከዚያም ጥቂት ራቅ ያደርገዋል። ኮረንቲው ግን አይቋረጥም። በመካከል ባለው አየር ላይ ዐይን የሚያሳውር ነበልባል ሠርቶ ይሻገራል። ይህ ነበልባል አርክ ይባላል። በያጁ ይህን ነበልባል ለጥቅም ይፈልገዋል። ለብሬከር ግን ዋነኛ ጠላቱ ነው። ለምን ቢሉ፣ ብሬከሩ ሁለቱን ብረቶች ሲያለያይ በመካከላቸው እንደዚሁ ያለ ነበልባል ይነሣል፤ ነበልባሉ እስካልጠፋ ድረስ ኮረንቲው እንደ ቀድሞው መሄዱን ይቀጥላል። በበያጁ ዘንድ ያለው ኮረንቲ መቶ ወይም ሁለት መቶ አምፔር ያህል ነው። በኃይል ማመንጫ ዘንድ ያለው ግን በሺህ፣ ሾርት በሆነም ጊዜ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ነው። የዚያ ነበልባል ሙቀት ከ10,000 ዲግሪ ያልፋል። የፀሐይ ገጽ እንኳ 5,500 ዲግሪ ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ይገባናል።

ታዲያ ይህን የሚያህል እሳት በምን ይጠፋል? መሐንዲሶች የተጠቀሙበት ብልሃት ከራሱ ከኮረንቲው ጠባይ የተገኘ ነው። በአገራችን የሚሠራበት ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ፣ በሴኮንድም 100 ጊዜ፣ ለቅጽበት ዜሮ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ነበልባሉ ይደክማል። ብሬከሩም የሚያደፍጠው ለዚህች ሰዓት ነው። ነበልባሉ ሲደክም ጠብቆ ያቀዘቅዘዋል፤ እንደገና ለመቀጣጠል የሚያስችለውን ትኩስ አየር ከመካከል ጠርጎ ያወጣል። ኩራዝ ለማጥፋት የፈለገ ሰው እሳቱ ዝቅ ሲል ጠብቆ እፍ እንደሚለው ያለ ነው።

የጄኔሬተር ነገር ለምን ይከብዳል?

እስካሁን የተነገረው በሽቦ መሥመር ላይ ላለ ብሬከር ሁሉ ይሠራል። ከጄኔሬተር አጠገብ የሚቆመው ግን ሌላ ፈተና አለበት።

በአንድ ጣቢያ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ውሃው ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ኮረንቲ ያመነጫል። ይህ ኮረንቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ10,000 እስከ 25,000 ቮልት ባለው መካከል ይወጣል። ከዚያም ትራንስፎርመሩ ተቀብሎ ወደ 230,000 ወይም ወደ 400,000 ቮልት ያሳድገውና ወደ ሩቅ አገር ይልከዋል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ኮረንቲው ያንሳል፤ ቮልቴጁ ዝቅ ባለበት ግን ኮረንቲው ይበዛል። ስለዚህ ከጄኔሬተሩ እስከ ትራንስፎርመሩ ያለችው አጭር መንገድ በጣቢያው ሁሉ እጅግ የበዛ ኮረንቲ የሚያልፍባት መንገድ ናት።

በቀድሞ ዘመን በዚህች መንገድ ላይ ይህን ኮረንቲ ተሸክሞ መቁረጥ የሚችል ብሬከር ለማግኘት አስቸጋሪ ስለነበረ፣ ብዙ ትላልቅ ጣቢያዎች ያለ እርሱ ይሠሩ ነበር። ብሬከሩ የሚቆመው ከትራንስፎርመሩ ባሻገር፣ ቮልቴጁ ከፍ ባለበትና ኮረንቲው ባነሰበት ወገን ነበር። ይህም ሥራውን አቅልሎት ነበር። ጉዳቱ የሚታየው ትራንስፎርመሩ ራሱ ሲታመም ነው።

ትራንስፎርመሩ በውስጡ ሾርት ቢያደርግ፣ በዚያኛው ወገን ያለው ብሬከር ከአገሩ መሥመር የሚመጣውን ኮረንቲ ይቆርጣል። በዚህኛው ወገን ያለውን ጄኔሬተር ግን የሚቆርጠው የለም። «ጄኔሬተሩን ማቆም ነዋ!» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የወፍጮ ቤቱን ሞተር ያጠፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድንጋዩ ገና ይዞራል። በመቶ ቶን የሚመዘነው የጄኔሬተር ተሽከርካሪ ደግሞ እንዴት በቅጽበት ይቆማል? በውስጡ ያለውም የማግኔት ኃይል ወዲያው አይሞትም፤ ቀስ በቀስ ለመድከም ሴኮንዶች ያስፈልጉታል። በእነዚያ ሴኮንዶች ሁሉ ጄኔሬተሩ በገዛ ትራንስፎርመሩ ላይ እሳት ይመግባል። ትራንስፎርመሩ በዘይት የተሞላ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም ጋኑን ያስጨንቀዋል፤ በመጨረሻም ጋኑ ይፈነዳል።

ለዚህ የተሠራው የጄኔሬተር ብሬከር በመካከል ቢኖር ግን ኮረንቲው የሚቆረጠው ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ አይቆይም። አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ አዲሱን አዝዞ ለማስመጣት ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ ሁለቱን ያመዛዝኑ፤ በአንድ ወገን የሴኮንድ አሥረኛ አለ፤ በሌላው ወገን የአንድ ዓመት ጨለማ አለ።

ፈተናው በዚህ አያበቃም። በላይ እንዳየነው ብሬከር የሚያደፍጠው ኮረንቲው ዜሮ የሚሆንበትን ቅጽበት ነው። ከጄኔሬተር አጠገብ ሾርት ሲፈጠር ግን ኮረንቲው ወደ አንድ ወገን ያጋድልና ለጥቂት ዙሮች ዜሮን ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። አድፋጩ አዳኝ የሚጠብቃት ሚዳቋ በሰዓቷ አትመጣም ማለት ነው። ስለዚህ የጄኔሬተር ብሬከር ዝም ብሎ አይጠብቅም። በገዛ ነበልባሉ መንገዱን እያጠበበ፣ ኮረንቲው ወደ ዜሮ እንዲወርድ ያስገድደዋል። ከተቆረጠም በኋላ ቮልቴጁ በሁለቱ ብረቶች መካከል በታላቅ ፍጥነት ይመለሳል፤ ብሬከሩም ይህን ድንገተኛ ግፊት መቋቋም አለበት።

ሌላም ሥራ አለው። ጄኔሬተሩ ከአገሩ መሥመር ጋር የሚገናኘው በእርሱ በኩል ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይተዋል። ምታቸው ከተስማማ ሥራው ይፈጥናል፤ ካልተስማማ ዘነዘናው ከዘነዘና ይጋጫል። ጄኔሬተርም ከመሥመሩ ጋር ምቱን ሳያስማማ ቢገናኝ ዘንጉ ሊጣመም፣ ጥቅሉም ሊላላ ይችላል። ብሬከሩ የሚዘጋው ምቱ ሲስማማ ብቻ ነው፤ በስሕተት ሳይስማማ ቢዘጋ ግን ያንን ግጭት ችሎ መቁረጥ ይጠበቅበታል።

ከዘይት እስከ ባዶ ዕቃ

መሐንዲሶች ነበልባሉን ለማጥፋት ብዙ ነገር ሞክረዋል። መጀመሪያ የተጠቀሙት በዘይት ነው። ብረቶቹ በዘይት ውስጥ ሲለያዩ ነበልባሉ ዘይቱን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ጋዙም ነበልባሉን ያቀዘቅዘዋል። መልካም ነበር፤ ግን እሳትን በሚነድ ነገር ማጥፋት የሚያሠጋ ሥራ ነው። ዘይቱም በየጊዜው መለወጥ ነበረበት።

ቀጥሎ የመጣው የታመቀ አየር ነው። ብሬከሩ ሲከፈት አየሩ በታላቅ ኃይል ይለቀቅና ነበልባሉን ይጠርገዋል፤ ድምፁም እንደ መድፍ ነበር። የስዊስ ኩባንያ የነበረው ብራውን ቦቬሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ለጄኔሬተር ብቻ ተብሎ የተሠራ ብሬከር አቀረበ። ከዚያ ወዲያ ጄኔሬተሮች እየገዘፉ ሲሄዱ የአየር ብሬከሮችም አብረው ገዘፉ። አየሩን የሚያምቁ መሣሪያዎች፣ ጋኖችና ቧንቧዎች አንድ ቤት ይሞሉ ጀመር።

ሦስተኛው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ነው። ይህን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1901 ያገኙት ሞይሳንና ለቦ የተባሉ ፈረንሳውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ናቸው። ቀለምና ሽታ የለውም፤ አይነድም፤ ከአየር አምስት እጥፍ ይከብዳል። በነበልባሉ ውስጥ ያሉትን ነፃ ኤሌክትሮኖች እንደ ወጥመድ ስለሚይዝ ነበልባሉ ቶሎ ይሞታል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ጋዝ በጄኔሬተር ብሬከር ውስጥ የአየሩን ቦታ ያዘ፤ ብሬከሩም አነሰ፣ ድምፁም ቀነሰ።

ነገር ግን ይህ ጋዝ ቢያፈተልክ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ23,000 እጥፍ በላይ ይብሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው በኪዮቶ ስምምነት ልቀታቸው እንዲቀነስ ከተጠቀሱት ጋዞች አንዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ይህ ጋዝ ካለባቸው አዳዲስ መሣሪያዎች ደረጃ በደረጃ ለመውጣት ወስኗል። ስለዚህ አሁን ብዙ ተስፋ የተጣለው በአራተኛው ዘዴ፣ አየር ፈጽሞ በወጣለት ባዶ ዕቃ ላይ ነው። በባዶው ውስጥ ነበልባሉ የሚበላው ጋዝ የለም፤ ከብረቱ የተነነው ጥቂት እንፋሎትም ኮረንቲው ዜሮ ሲሆን ወዲያው ተመልሶ ይረጋል። ይህ ዘዴ ቀድሞ ለትናንሽ ጄኔሬተሮች ብቻ ነበር፤ አሁን ግን እየተሻሻለ ወደ ትላልቆቹ እየወጣ ነው። መመዘኛውም ተስተካክሏል። ሁለቱ ታላላቅ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 ለጄኔሬተር ብሬከር ብቻ የሚሆን የጋራ መመዘኛ አውጥተዋል።

ከቆቃ እስከ ሕዳሴ

ይህ ነገር እኛን ምን ያገባናል? መልሱ የራሳችን ጄኔሬተሮች እድገት ነው። በጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ጣቢያ ሦስት ጄኔሬተሮች ነበሩት፤ በጠቅላላው 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጭ ዘንድ የታቀደ ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሆኑ 10 ጄኔሬተሮች አሉት። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በ13 ጄኔሬተሮች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከነዚህ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው። እንግዲህ የሕዳሴ አንዱ ጄኔሬተር ብቻውን ከዘጠኝ ቆቃ ይበልጣል።

ሒሳቡን በምጣድ እናስላው። 187 ሜጋ ዋት የሆነ ጄኔሬተር በ15,000 ቮልት ቢሠራ፣ በእያንዳንዱ የኮረንቲ መሥመር 8,000 አምፔር ያህል ያልፋል። ይህ 500 ምጣዶች በአንድ ጊዜ ከሚወስዱት ኮረንቲ ጋር እኩል ነው። ይህ በደኅናው ቀን ነው። በሾርት ጊዜ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ለእኛ ለካፋ ሰዎች ደግሞ ነገሩ የቅርብ ነው። ካፋን ከጅማ የሚለየው የጎጀብ ወንዝ ወርዶ ከኦሞ ይቀላቀላል፤ የግልገል ጊቤ ሦስትን ተርባይኖች ከሚያዞረው ውሃ አንዱ ክፍል ይህ ነው። በዚሁ በኦሞ ላይ ደግሞ ከጊቤ ሦስት በታች የኮይሻ ግድብ በመሠራት ላይ ይገኛል። በአገራችን ደን ላይ የወረደው ዝናብ ተርባይን አዙሮ፣ ኮረንቲ ሆኖ ይመለስልናል ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ዘበኛ ከሌለ ግን የዝናቡም የሠራተኛውም ድካም በአንድ ቀን ጭስ ሊሆን ይችላል።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው?

ብሬከር ክንድ እንጂ ዐይን አይደለም። አደጋውን አይቶ «ቁረጥ!» የሚለው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ሪሌ ይባላል። ከሪሌዎች ሁሉ ዋነኛው የሚሠራው ቡና ነጋዴ በሚያውቀው ዘዴ ነው። ከቦንጋ 100 ኬሻ ቡና ተጭኖ አዲስ አበባ ላይ 100 ኬሻ ከተራገፈ ነገሩ ደኅና ነው። 90 ብቻ ከተራገፈ ግን በመንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኗል። ሪሌውም እንዲሁ ወደ ጄኔሬተሩ የገባውንና ከእርሱ የወጣውን ኮረንቲ ያለማቋረጥ ያስተያያል። ልዩነት ካየ ጉዳቱ በመካከል እንደሆነ ያውቃል፤ ወዲያውም ያዝዛል። ከመሥመሩ ማዶ ለተፈጠረ ጉዳት ግን አይደነግጥም፤ የገባውና የወጣው እኩል ነውና።

ይህ ሁሉ እንዲሆን ዘበኛው የራሱ ስንቅ ሊኖረው ይገባል። ጣቢያው ሲጨልም ሪሌው አብሮ ከጨለመ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ሪሌው የሚሠራው በባትሪ ነው፤ የብሬከሩም ክንድ አስቀድሞ በተወጠረ ስፕሪንግ ኃይል ይንቀሳቀሳል። ያለ ስንቅ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በሩሲያ በሳያኖ ሹሼንስካያ ጣቢያ ታይቷል። የአንዱ ተርባይን መክደኛ ብሎኖች ተበጥሰው ውሃ አዳራሹን ሞላው፤ 75 ሰዎችም ሞቱ። የአደጋው መነሻ ብሬከር አልነበረም። ነገር ግን ጣቢያው የራሱን ኮረንቲ ስላጣ፣ የውሃውን በሮች ሠራተኞች ከላይ ወጥተው በእጃቸው መዝጋት ግድ ሆኖባቸዋል።

ድር ቢያብር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የአገር የኤሌክትሪክ መሥመርም ድር ነው። ዛሬ ድራችን ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ይደርሳል። ማበር ኃይል ነው፤ ነገር ግን ድር አንድ ጫፉ ሲነካ ሁሉም ይነቀነቃል።

ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በኬንያ ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ ካለው የነፋስ ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት የሚያመጣው መሥመር በሱስዋ ጣቢያ ላይ ተቆረጠ። ወዲያው ተከትሎ ከኢትዮጵያ 200 ሜጋ ዋት ያህል ይዞ የሚሄደው መሥመር ተቆረጠ። የቀሩት ጄኔሬተሮች ሸክሙ በድንገት ከበደባቸው፤ የኬንያም ብዙው ክፍል ጨለመ።

ይህን የሚሰማ ሰው «ብሬከሮቹ በደሉ» ይል ይሆናል። ነገር ግን ጄኔሬተር ከልኩ በላይ ሸክም ሲያርፍበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሸክሙ በድንገት ሲነሣለት ደግሞ ይፈጥናል። ሁለቱም ይጎዱታል። ራሱን ከመሥመሩ ያወጣ ጄኔሬተር ጤነኛ ሆኖ ይቆያል፤ በሰዓታትም ውስጥ ይመለሳል። እምቢ ብሎ የቆየ ጄኔሬተር ግን ተቃጥሎ ለወራት ይቀራል። ጨለማው ክፉ ነው፤ ሆኖም ነገ የሚነጋ ጨለማና የማይነጋ ጨለማ አንድ አይደሉም።

የሚስማር ፊውዝ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ነገር በእጃችን ያለው የቤታችን ዘበኛ ብቻ ነው። በየቦታው የሚታይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ፊውዝ ሲቃጠል አዲስ በመግዛት ፈንታ ሚስማር ወይም ወፍራም ሽቦ ይተኩበታል። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድም «ይህ የማይረባ ነው» ተብሎ በትልቅ ይለወጣል፤ ወይም ጭራሽ ታልፎ በቀጥታ ይቀጠላል።

ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ ይህን በትንሽ ባትሪ አሳየኋቸው። መጀመሪያ በመንገዱ ላይ ከሽቦ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን ክር አስገባሁ፤ ሾርት ሳደርገው ክሯ ብልጭ ብላ ተቆረጠች፤ ሌላው ሽቦ እንኳ አልሞቀም። ቀጥዬ በክሯ ቦታ ሚስማር አስገባሁ። ሚስማሩ ምንም አልሆነም። የሽቦው ልባስ ግን ማጨስ ጀመረ፤ ፈጥኜም ነቀልሁት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «መምህር፣ እንግዲያው ሚስማሩ የጠበቀው ራሱን ብቻ ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ጥቂት ምክር ልስጥዎ። ብሬከርዎ ከወረደ መጀመሪያ የተሰኩትን ዕቃዎች ሁሉ ይንቀሉ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ መልሰው ያንሡት። ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰኩ ታማሚውን ይፈልጉ። ምንም ሳይሰካ እንደገና ከወረደ ሕመሙ ከሽቦው ነውና በግድ አያንሡት፤ ባለሙያ ይጥሩ። ምጣድዎ በቀጭን ማራዘሚያ እንዳይሠራ ይጠንቀቁ፤ የቤትዎም ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዙን ያስመርምሩ። ፊውዝ ሲተኩ የተጻፈበትን ልክ አይተው ይግዙ።

በኦሞ ሸለቆ ያለው ትልቁ ብሬከርና በግድግዳዎ ላይ ያለው ትንሹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ትልቁን የሚጠብቁት መሐንዲሶች ናቸው፤ መመዘኛ አላቸው፣ በየጊዜውም ይፈትሹታል። ትንሹን የሚጠብቁት ግን እርስዎ ነዎት። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት መብራት አስይዘው ሳጥኑን ይክፈቱና በውስጡ ያለው ፊውዝ ይሁን ሚስማር በዐይንዎ ይዩ። ሚስማር ካገኙ በእጅዎ አይንኩት፤ ነገ ጧት ባለሙያ ጠርተው ያስወጡት።